ትምህርቱ ከፉሪ ቢጀምርስ?

ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ። ወጣቷ ዘንድሮ የጂኦፊዚክስ መግቢያ ኮርስ የተሰጣት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። አንጋፋው ይህንኑ ትምህርት ለብዙ ዓመታት አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ የኮርሱን ዝርዝር እንዲያዩልኝ ነው የመጣሁት። ከመሬት ውስጣዊ አካል ይጀምርና ሲስሚክ፣ ግራቪቲ፣ ማግኔቲክ፣ ኤሌክትሪካል እያለ ይሄዳል። ቀድሞ ያስተምሩ የነበሩት መምህር የተዉልኝ ሃንዳውትም አለ። ይዘቱና ሳምንቱ ግን ሊመጣጠኑልኝ አልቻሉም።

አንጋፋው፦ ሃንዳውቱን አገላብጬዋለሁ፤ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ የኢትዮጵያን ቦታ ስም የት የት አገኘሽ?

ወጣቷ፦ ሦስቱ ፕሌቶች የሚገናኙበት ሥዕል ላይ አፋር ተጠቅሷል። ሌላ ያለ አይመስለኝም።

አንጋፋው፦ የለም። የመሬት ስንጥቁ ሳን አንድሪያስ ነው፣ እሳተ ገሞራው ሃዋይ ነው፣ የነዳጅ ፍለጋው ሰሜን ባሕር ነው። እነዚህን መማር ይገባቸዋል፤ ሳይንሱ በብዛት ያደገው እዚያ ነውና። ነገር ግን ክፍልሽ ውስጥ ከጀሞ፣ ከመካኒሳ፣ ከሀና ማርያም የሚመጡ ልጆች አሉ። ጠዋት ታክሲ ሲጠብቁ ቀና ካሉ የሚያዩት ፉሪ እሳተ ገሞራ ነበር፤ ሥራውን ከጨረሰ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈውታል። ወጨጫና የረርም ወገኖቹ ናቸው። እዚያው ፉሪ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዓለም አቀፉ የርዕደ መሬት መመዝገቢያ መረብ አንድ ጣቢያ ይሠራል። ቺሊ ላይም ሆነ ጃፓን ላይ መሬት በብርቱ ሲንቀጠቀጥ ይህ ጣቢያ ይመዘግበዋል። ስንቱ የጀሞ ልጅ ነው ይህን የሚያውቀው?

ወጣቷ፦ የጣቢያውን መረጃ በነጻ አውርጄ አይቼዋለሁ። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና ልቃወምዎት። ቦታ መጥራት ብቻውን ትምህርት አይሆንም። "ሳን አንድሪያስ" የሚለውን ሰርዤ "ፈንታሌ" ብዬ ብጽፍ ቀመሩ ያው ነው። ሞገድ በካሊፎርኒያም በመተሐራም የሚሰላው በአንድ መንገድ ነው። የሚያውቀውን ስም ሰምቶ ደስ ከመሰኘት ያለፈ ተማሪው ምን ያተርፋል?

አንጋፋው፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። እስቲ ማግኔቲክ የሚለውን ምዕራፍ ክፈቺ። ሥዕሉ ምን ያሳያል?

ወጣቷ፦ ከመሬት ሥር ብረት አዘል አለት አለ። ከላይ ማግኔቶሜትር ይዘን ስንሻገር አለቱ አናት አካባቢ ንባቡ ከፍ ይላል፤ በስተሰሜን በኩል ትንሽ ዝቅ ይላል።

አንጋፋው፦ ያ ሥዕል የተሣለው የመሬት ማግኔታዊ መስክ አዘቅዝቆ ወደ መሬት ለሚገባበት አገር ነው፤ ለአውሮፓ፣ ለሰሜን አሜሪካ። የማግኔት ወገብ የሚያልፈው ግን በእኛ አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ መስኩ ጋደም ብሎ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ወደ ታች ማዘንበሉ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ ያው አለት፣ በያው ጥልቀት፣ በያው ይዘት እዚህ ቢቀበር ንባቡ አናቱ ላይ ዝቅ ይላል። ከፍ የሚለው በሰሜንና በደቡብ ጎኑ ነው። ሥዕሉ ተገለበጠ ማለት ነው። ሃንዳውቱን በቃሉ ይዞ የተመረቀ ልጅ ማዕድን ፍለጋ ተቀጥሮ "ንባቡ ከፍ ያለበት ላይ ቆፍሩ" ቢል አለቱን ስቶ ጎኑን ያስቆፍራል። ደግሞም አለቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋ ቀጭን ዳይክ፣ ማለትም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የጠነከረ ቅልጥ አለት ከሆነ፣ ከሁለቱ ጫፎቹ በቀር ንባቡን እምብዛም አያንቀሳቅሰውም፤ መስኩ ርዝመቱን ተከትሎ ነውና የሚሄደው። በስምጥ ሸለቆአችን ውስጥ ደግሞ ስንጥቁም ዳይኩም አብዛኛው ወደ ሰሜንና ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋ ነው።

ወጣቷ፦ ቀመሩ አልተለወጠም፤ የሚገባበት ማዕዘን ዜሮ ሲሆን መልሱ ተለወጠ።

አንጋፋው፦ አዎ። ስለዚህ ቦታው ከቀመሩ ውጭ የሚቀመጥ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ቀመሩ ውስጥ ይገባል። ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲጀመር የውጭ ሳይንቲስቶች አዲስ አበባ ላይ መለኪያ እንዲተከል የፈለጉት በዚሁ ምክንያት ነበር። ከማግኔት ወገብ በላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታን አለፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ያንን ከሥሩ ሆኖ ለመለካት የሚመች ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። አባ ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ውስጥ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት የምትሉት ከዚያ የበቀለ ነው።

ወጣቷ፦ ታሪኩ ደስ ይላል፤ ለታሪክ የምሰጠው ሰዓት ግን የለኝም።

አንጋፋው፦ ታሪኩን እንደ መረጃ አስተምሪው። በአገራችን መሣሪያ መመዝገብ ከጀመረ ገና ሰባ ዓመት አልሞላውም። ትልቅ ርዕደ መሬት በአንድ ቦታ ደግሞ እስኪመለስ መቶ ዓመትም ከዚያ በላይም ሊቆይ ይችላል። ሰባ ዓመት ብቻ ይዘሽ አደጋውን ብታሰዪ ትልቁን ታጪዋለሽ። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት አዲስ አበባን አስደንግጧል፤ በዚያ ጊዜ እዚህ አንድም መሣሪያ አልነበረም። አባ ጉዋን ዜና መዋዕሉን፣ የተጓዦችን ማስታወሻ፣ ደብዳቤውን እየለቃቀሙ "ግድግዳው ተሰነጠቀ"፣ "ሰው ከቤት ወጥቶ አደረ" የሚለውን ሁሉ ወደ መጠን ለወጡት። ግንቦት 1953 ካራ ቆሬ ላይ መሬቱ ደጋግሞ ሲናወጥ፣ ማጀቴ ሲፈርስ፣ እሳቸው እዚህ ነበሩና ስንጥቁን ቦታው ድረስ ሄደው አጠኑት። የምሥራቅ አፍሪቃን ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1979 ታትሟል። ከእሳቸው በኋላ ኦብዘርቫቶሪውን የመሩት ዶክተር ላዕከ ማርያም አስፋው ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ድንገት የሚከፈቱትን የመሬት ስንጥቆች አጠኑ። የፖል ሞር "የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ" የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ለአንቺ ሃንዳውት የሚሆን ነገር እዚሁ ሲሠራ ነው የኖረው።

ወጣቷ፦ እሺ፤ ካራ ቆሬ ይገባል። ግን እኔ ብጀምር የምጀምረው ከ2017ቱ ነው። ተማሪዎቼ ማጀቴን አያስታውሱም፤ የካቲት 7 ቀን ምሽት የት እንደነበሩ ግን አንድም የሚረሳ የለም። ከመስከረም ጀምሮ አዋሽ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ የዚያን ምሽት መጠኑ 6.0 ደረሰ። ጀሞ ላይ ከአራተኛ ፎቅ ልጅ ታቅፎ የወረደ ሰው አለ። በማግሥቱ ክፍል ስገባ ትምህርቱን ሊያስጀምሩኝ አልቻሉም፤ ሁሉም ጥያቄ ነበረው።

አንጋፋው፦ ምን ብለው ጠየቁሽ?

ወጣቷ፦ "መቼ ይደገማል?" ነው የመጀመሪያው። ሁለተኛው "ለምን ኮንዶሚኒየሙ ተወዛወዘ፣ መሬት ላይ የቆመው ሰው ግን ምንም አልተሰማውም?" የሚል ነው። ሦስተኛውን የጎረቤቴ እናት ናት የጠየቀችኝ፤ "ቤቴ ገብቼ ልተኛ ወይስ አልተኛ?"

አንጋፋው፦ ለሦስቱም ምን መለስሽ?

ወጣቷ፦ ለመጀመሪያው፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚናገር ሳይንስ በዓለም ላይ የለም አልኩ። የሚነገረው ዕድሉ ነው፤ በዚህ አካባቢ፣ በዚህ ዓመታት ውስጥ፣ ይህን ያህል መጠን የመከሰቱ ዕድል። በዚያ ሰሞን በስልክ "ዛሬ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ" የሚል መልእክት ይዞር ነበር። ፕሮፌሰር አታላይ አየለና ሌሎች ባለሙያዎች በየሚዲያው ቀርበው ሲያስረዱ ሰው በጉጉት ያዳምጥ ነበር። የእኔ ተማሪዎችም ከዚያ ወገን ሆነው ለቤተሰባቸው እንዲያስረዱ ነው የምፈልገው። ሁለተኛው ግን ንጹሕ ፊዚክስ ነው፤ ሙሉ ሁለት ሰዓት አስተማርኩበት። ከፈንታሌ እስከ እኛ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይደክማል፤ ቀስ ብሎ የሚወዛወዘው ረጅም ሞገድ ነው እስከዚህ የሚዘልቀው። ሕንፃ ደግሞ የራሱ የመወዛወዣ ጊዜ አለው። በግምት ለአንድ ፎቅ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ቢባል፣ አሥር ፎቅ ወደ አንድ ሰከንድ ይጠጋል። የመጣው ሞገድ ከዚያ ጋር ከገጠመ ውዝዋዜው ያድጋል። ባለ አንድ ፎቁ ቪላ ግን አይገጥምም።

አንጋፋው፦ አፈሩንስ?

ወጣቷ፦ ወደዚያ እየመጣሁ ነው። ከለቡ እስከ ጀሞ ሜዳው ላይ ጥቁር አፈር ያለበት ብዙ ቦታ አለ። ግንበኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ቆፍረው አውጥተው ሰሌክት ሞልተው የሚጠቀጥቁት። ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ከሥሩ ካለው ጠንካራ አለት ይልቅ ለስላሳው አፈር ንዝረትን ያጎላል። ስለዚህ አንድ ፕሮጀክት አስቤያለሁ። አንድ ባለ ሦስት አቅጣጫ ሲስሞሜትር ብናገኝ፣ ርዕደ መሬት ሳንጠብቅ፣ ከመኪናውና ከሰው እንቅስቃሴ የሚመጣውን ንዝረት ብቻ እየቀዳን የአግድሙን በቋሚው ብናካፍለው አፈሩ በየትኛው ድግግሞሽ እንደሚያስተጋባ ይታያል። ኃይሌ ጋርመንት፣ ጀርመን አደባባይ፣ ጀሞ እያልን በየቦታው ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን። በሌላ ጊዜ የመኪናው ሁካታ የሲስሞሎጂ ጠላት ነው፤ በዚህኛው ሥራ ግን መረጃው እሱ ራሱ ነው።

አንጋፋው፦ ይህን ነው የምልሽ! ውጤቱም መደርደሪያ ላይ የሚቀር አይሆንም። የእኛ የሕንፃ ኮድ እ.ኤ.አ. በ1995 ለርዕደ መሬት የራሱ ክፍል ነበረው፤ በ2015 ደግሞ ተሻሽሎ ወጥቷል። ኮዱ ራሱ የአፈሩን ዓይነት ይጠይቃል። የምትለኪው ነገር ለዲዛይን የሚገባ ቁጥር ነው። ግን ለጎረቤትሽ እናት ምን አልሻት? አልነገርሽኝም።

ወጣቷ፦ "እማማ፣ ይህ የሚወዛወዘው ከሩቅ የመጣ ነው፤ ሲወዛወዝ ደረጃ አይውረዱ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡ፤ ከአልጋዎ በላይ ያለውን ከባድ ዕቃ ያውርዱ" አልኳት። ሕንፃው በኮዱ ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም የሚለውን ግን ልነግራት አልቻልኩም። ፌሮው እንዴት እንደታሰረ፣ ኮለኑ ሲሞላ አርማታው ምን እንደነበር ያየሁት ነገር የለም። "አይወድቅም" ብዬ ማረጋጋት ቀላል ነበር፤ የማላውቀውን መናገር ግን አልፈለግሁም።

አንጋፋው፦ ደግ አደረግሽ። ያንንም አስተምሪ። ሳይንቲስት ነኝ የሚል ሰው ሕዝብ ፊት ሲቆም የሚያውቀው የት ላይ እንደሚያበቃ መናገር መቻል አለበት። በፈተና የማይጠየቅ ነገር ቢሆንም እኔ ከማንኛውም ቀመር አስበልጠዋለሁ።

ወጣቷ፦ አሁን ወደ ችግሬ ልመለስ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ በምርጫቸው አልመጡም፤ በምደባ ነው የደረሳቸው። ሒሳብ ሲያዩ ይደነግጣሉ። አንዳንድ ባልደረቦቼ "ቀመሩን ቀንሺው፣ ሐሳቡን ብቻ ስጪያቸው" ይሉኛል።

አንጋፋው፦ እንዳትቀንሺ! ቀመሩን ያወጣሽለት ጂኦፊዚክስ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ቅደም ተከተሉን ግን ለውጪው። እኛ ስንማር ሰሌዳው በቀመር ይሞላና ከሦስት ሳምንት በኋላ "ይህ ለዚህ ያገለግላል" እንባል ነበር። ጥያቄው ይቅደም። ከፉሪ ጣቢያ የአንዱን የፈንታሌ ንዝረት ቅጂ አትመሽ ለእያንዳንዱ ስጪ። ፒ ሞገድ የደረሰበትን በእርሳስ ያመልክቱ፣ ከዚያ ኤስ የደረሰበትን። በመካከሉ 18 ሰከንድ አገኙ እንበል። "ከየት ነው የመጣው?" በያቸው።

ወጣቷ፦ በስምንት ያበዙታል። ሁሉም መጽሐፍ ላይ ያለች ስምንት ናት።

አንጋፋው፦ ስምንቷ ከየት መጣች ብለሽ ጠይቂያቸዋ። ፒ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር፣ ኤስ 3.5 ይሁን። አንድ በ3.5 ሲካፈል፣ አንድ በ6 ሲካፈል ያለው ተቀንሶ፣ የተገኘው ተገልብጦ 8.4 ይመጣል። አሥራ ስምንቱን በዚያ ሲያበዙት 151 ኪሎ ሜትር። እንግዲህ ያ የሚፈሩት ቀመር በእጃቸው ወጣ።

ወጣቷ፦ እዚህ ላይ እኔ የምጨምረው አለኝ። 3.5 ራሷ የተዋሰናት ቁጥር ናት። በስምጥ ሸለቆው ሥር ቅርፊቱ ትኩስ ነው፤ ቅልጥ አለትም አለበት። ኤስ ሞገድ ፈሳሽ ውስጥ አያልፍም፤ ትንሽ ቅልጥ ባለበት አለት ውስጥ ሲያልፍም ከፒ ይልቅ እሱ ነው አብዝቶ የሚዘገየው። ኤስ ከዘገየ በኪሎ ሜትር የሚበላው የጊዜ ልዩነት ይሰፋል፤ ማባዣው ከ8.4 ያንሳል። 8.4ን እንደ ወረደ የወሰደ ልጅ መነሻውን ከትክክለኛው ቦታ አርቆ ያስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢግል በተባለው የጥናት ዘመቻ በስምጥ ሸለቆው ዙሪያ መሣሪያ ተተክሎ፣ ፈንጂ እየፈነዳ ሞገዱ የተለካው ይህንኑ ቅርፊት ለማወቅ ነበር።

አንጋፋው፦ ቅድም "ቀመሩ ያው ነው" ብለሽኝ ነበር።

ወጣቷ፦ ቀመሩማ ያው ነው፤ ቁጥሩ ነው የእኛ የሆነው። አሁን ርቀቱን አገኙ። መነሻ ቦታውን በርቀት ብቻ ለማግኘት ሦስት ጣቢያ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚያስቡት አራት ኪሎ ያለውን ጣቢያ ነው የሚሆነው።

አንጋፋው፦ ያስቡት፤ ተይያቸው፣ ርቀቱን ይዘው በየጣቢያው ዙሪያ ክቡን ይሥሩት። አራት ኪሎና ፉሪ በሃያ ኪሎ ሜትር ውስጥ ናቸው። ለ150 ኪሎ ሜትር ርቀት ሁለቱ ክቦች ተደራርበው የሚሄዱ ይመስላሉ፤ የት እንደሚቆራረጡ መለየት ያስቸግራል። የጣቢያ አቀማመጥ ለምን ገንዘብና ጭቅጭቅ እንደሚያስወጣ ያን ጊዜ ይገባቸዋል። ከዚያ የጂቡቲውን አርታን፣ የኬንያውን ኪሊማ ምቦጎን ይጨምሩ።

ወጣቷ፦ ወረቀቱን ግን አላትምም። መረጃውን በኮምፒውተር አውርደው፣ በፕሮግራም ከፍተው፣ ማጣሪያውን እየለዋወጡ ያዩታል። እርሳሱ ላይ ከቀረን ነገ ሥራ የሚጠይቃቸውን አያውቁትም።

አንጋፋው፦ መጀመሪያ በዓይናቸው ይዩት እንጂ። ኮምፒውተሩ ፒ ያለው ሁሉ ፒ አይደለም።

ወጣቷ፦ የመጀመሪያውን በእርሳስ፣ የቀሩትን በኮምፒውተር። ከዚህ በላይ አልደራደርም።

አንጋፋው፦ ይሁን። ፊልዱንስ ምን አሰብሽ?

ወጣቷ፦ በጀት የለም ተብያለሁ። ዓባይ በረሃ ወርዶ አሸዋ ድንጋዩን፣ ጂፕሰሙን፣ ከላዩ የኖራ ድንጋዩን፣ አናቱ ላይ ባዛልቱን በአንድ ቀን ማሳየት የድሮው ልማድ ነበር፤ አሁን አውቶቡሱም አበሉም ከባድ ነው።

አንጋፋው፦ ለቡ ነው ያለሽው። የጂቡቲ ባቡር የሚነሣው ከዚህ አይደል? ቢሾፍቱ ላይ በፍንዳታ የተቦረቦሩት ጉድጓዶች ሐይቅ ሆነዋል። አዳማን ስታልፊ ቦሰት ይታያል። ከዚያ መተሐራ፤ በስተግራ ፈንታሌ፣ ከሥሩ በሰቃ። ሐይቁ ከስድሳ ዓመት በፊት ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከአርባ በላይ ሆኗል። አሮጌውን የባቡር ሐዲድና የመኪናውን መንገድ አስቸግሯል። የመስኖው ትርፍ ውሃ ነው ያሳደገው? ከመሬት ሥር ያለው ሙቅ ውሃ ነው? ስምጡ የራሱ ድርሻ አለው? ኤሌክትሪካል የሚለውን ምዕራፍሽን እዚያ አስተምሪው። ጨዋማ ውሃ የገባበት አለት ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያስተላልፋል፤ ንጹሕ ውሃ የያዘው እንደዚያ አይሆንም። አራት የብረት ዘንግ መሬት ላይ ተክለሽ፣ እያራራቅሽ ስትለኪ ጥልቀቱን ታነቢዋለሽ።

ወጣቷ፦ ፈንታሌ አካባቢ አሁን ተማሪ ይዞ መሄድ ያሰጋል። ብዙ ሰው ከቀዬው ተነሥቷል፤ ስንጥቁም ትኩስ ነው። የተፈናቀለ ሰው ፊት ማግኔቶሜትር ይዤ መቆሙም ይከብደኛል።

አንጋፋው፦ ልክ ነሽ፤ እሱን አላሰብኩትም። እንግዲያው ጉዞው ቢሾፍቱ ላይ ይቁም። የፈንታሌን በሳተላይት ራዳር አሳዪያቸው።

ወጣቷ፦ እሱን ከዳባሁ ጋር አያይዤ ነው የማስተምረው። መስከረም 1998 አፋር ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በጥቂት ቀናት ተከፍቶ፣ እስከ ስምንት ሜትር የሚሰፋ ዳይክ ገባ። በራዳር ሥዕሉ ላይ ቀለሙ የት ተጠጋግቶ እንደሚጠቀለል ራሳቸው ይቁጠሩ። ከዚያ የፈንታሌውን ሰጥቻቸው "ይህስ ከዳባሁ በምን ይመስላል፣ በምን ይለያል?" እላለሁ። ኅዳር 2018 የኃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ሕንድ ድረስ መድረሱንም ሰምተዋል፤ ጥያቄው አያልቅባቸውም።

አንጋፋው፦ የመጀመሪያውን አሳይመንት እንዴት ትጽፊዋለሽ? አንብቢልኝ።

ወጣቷ፦ ገና ረቂቅ ነው። "ከፉሪ ጣቢያ በተሰጣችሁ ቅጂ ላይ የፒንና የኤስን መድረሻ በእርሳስ አመልክቱ። ርቀቱን አስሉ፤ የተጠቀማችሁበትን ፍጥነት ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ። ኤስ በአንድ አሥረኛ ቢዘገይ መልሱ በስንት ኪሎ ሜትር ይለወጣል? ሁለተኛና ሦስተኛ ጣቢያ ራሳችሁ ምረጡ።"

አንጋፋው፦ ለምን ያንን ጣቢያ እንደመረጡም ያስረዱ።

ወጣቷ፦ እጨምረዋለሁ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጻፍ ይችላሉ፤ ማክሰኞ ጠዋት ይሰበሰባል።